ያነበብነውን የጉዞ መጽሐፍ እንደገና ማንበብ፦ መንገዱን እያወቅነው ምን ይጎትተናል?

መንገደኛ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ስለሰነበተ ላካፍላችሁ ብዬ ነው። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፣ መጽሐፎቹ ላይ እንደዚያ ስለሆነ።

የአፕስሊ ቼሪ-ጋራርድን የአንታርክቲካ መጽሐፍ ከ14 ዓመት በፊት አንብቤው ነበር። በ1922 የታተመ ነው። ባለፈው ወር አቧራውን አራግፌ እንደገና ጀመርኩት። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ቼሪ-ጋራርድ በ1910 ከእንግሊዛዊው አሳሽ ከካፒቴን ስኮት ጋር ወደ አንታርክቲካ ከሄዱት ሰዎች አንዱ ነው። እሱን ከሁሉ በላይ የፈተነው ግን ወደ ዋልታው የተደረገው ጉዞ አይደለም። በ1911፣ ፀሐይ ጨርሶ በማትወጣበት ክረምት፣ ከዊልሰንና ከባወርስ ጋር የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን እንቁላል ፍለጋ የሄደው ነው። ሦስት ሰዎች፣ አምስት ሳምንት፣ ድፍን ጨለማ። ብርዱ አንድ ቀን ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ሴልሺየስን አልፏል። ቼሪ ደግሞ ዓይኑ ደካማ ነው። መነጽሩ በረዶ ስለሚይዝበት አብዛኛውን መንገድ እየተደናበረ ነው የሄደው።

መጀመሪያ ያነበብኩት በሁለት ሌሊት ነው። ይደርሳሉ? እንቁላሉን ያገኛሉ? ይተርፋሉ? ይህን እስካውቅ እየሮጥኩ ገለጥኩ። ሳውቅ መጽሐፉን ዘጋሁት፣ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት፣ በቃ አለቀ።

አሁን ግን ሁሉንም አውቃለሁ። አምስት እንቁላል አንስተው ሁለቱ እንደሚሰበሩ አውቃለሁ። ዊልሰንና ባወርስ ከዚያ ሁሉ መዓት ተርፈው፣ በቀጣዩ ዓመት ከስኮት ጋር ድንኳናቸው ውስጥ እንደሚሞቱም አውቃለሁ። የሚያጓጓኝ ነገር አልቀረም። ግን ከበፊቱ ይልቅ ቀስ ብዬ አነበብኩት። ከበፊቱም ይልቅ ያዘኝ።

አንድ ቦታ ላይ፣ በዚያ ስቃይ መካከል ሦስቱ «እባክህ» እና «አመሰግናለሁ» መባባልን እንዳልተዉ ይናገራል። ያኔ ይህን ማንበቤን እንኳ አላስታውስም። ዘንድሮ እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ልብ ወለድ ደጋግሞ የሚያነብ ብዙ ሰው አውቃለሁ። የጉዞ መጽሐፍ የሚደግም ግን እምብዛም አላጋጠመኝም። እናንተስ? መንገዱን ካወቃችሁት በኋላ ምንድን ነው የሚጎትታችሁ?

ካርታ ወዳጅ

እኔን ካርታ ነው የሚጎትተኝ። መጀመሪያ ሳነብ ካርታ አላይም፣ ታሪኩን ይቆርጥብኛል። በሁለተኛው ግን እርሳስ ይዤ እቀመጣለሁ። ሰውየው በየቀኑ የሄደበትን አሰምራለሁ። ያኔ የሚገርም ነገር ይወጣል። መቶ ኪሎ ሜትሩን በአንድ ዐረፍተ ነገር ያልፈውና፣ አንዲት ወንዝ ሞልታበት ላደረባት ሌሊት አራት ገጽ ይሰጣታል። እግሩ የሄደበትና ልቡ የቀረበት ቦታ ለየቅል ነው።

ለምሳሌ የሞሮኮው ተጓዥ ኢብን ባቱታ። በ1325 ከታንጂር ሲወጣ ገና 21 ዓመቱ ነው። ጉዞው ሁሉ ሲያበቃ ከቤቱ ከወጣ 30 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። እስከ ሕንድ፣ እስከ ቻይና። ትዝታውን ኢብን ጁዘይ ለሚባል ጸሐፊ እየነገረ በ1355 ተጻፈ። እንግዲህ ይህን ሁሉ አገር ያየ ሰው፣ ገና ከመነሻው ቱኒስ የገባባትን ዕለት አልረሳትም። አብረውት የመጡትን ዘመድ ወዳጅ ወጥቶ ይቀበላቸዋል። እሱን የሚያውቀው ስለሌለ ማንም ሰላም አላለውም። አለቀሰ። መጀመሪያ ሳነብ የሱልጣኖቹን ግቢ ለማየት ቸኩዬ ነበርና ቱኒስን ዘልያት ነው የሄድኩት። አሁን መጽሐፉን ባነሳሁ ቁጥር ከዚያች ገጽ እጀምራለሁ።

ዘገምተኛ አንባቢ

መንገደኛ፣ ጥያቄህ ደስ ይላል። ዕድሜዬ ሰባ ሊሞላ ነው፣ ካነበብኩት የደገምኩት ይበልጣል። አንድ ነገር ልጨምርልህ።

ቼሪ-ጋራርድ ያን መጽሐፍ የጻፈው በረዶ ላይ ሆኖ አይደለም። ከ10 ዓመት በኋላ ነው። እንቁላል ፍለጋ ሲሄድ 25 ዓመቱ ነበር። ሲጽፍ ግን የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት አይቷል፣ ታሞ ከጦር ሜዳ ተመልሷል፣ ሁለቱ ጓደኞቹ የሉም። በዚያ ላይ ሌላ ሸክም አለበት። በማርች 1912 ከአንድ የውሻ ነጂ ጋር ሆኖ፣ ስንቅ የተቀመጠበት ቦታ ላይ የስኮትን ቡድን ጠብቋል። ማዕበል ነበር፣ ስንቁም ውስን ነው። ጠብቆ ጠብቆ ተመለሰ። እነ ስኮት በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ያለቁት ከዚያ ቦታ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው። በኖቬምበር ድንኳኑን ፈልገው ካገኙት ሰዎች መካከል አንዱ ራሱ ቼሪ ነበር።

እስቲ አስበው። ይህ ሰው ስለ ዊልሰን ደግነት ሲጽፍ፣ ስለ ባወርስ ብርታት ሲጽፍ፣ የሚጽፈው መጨረሻውን እያወቀ ነው። የእነሱንም የቀን ማስታወሻ እየገለጠ፣ እየጠቀሰ ነው የጻፈው። ያን መንገድ ሁለተኛ እየሄደው ነው ማለት ነው። አንተ ከ14 ዓመት በፊት የሄድከው ከወጣቱ ጋር ነበር። ዘንድሮ የተገናኘኸው ከጸሐፊው ጋር ነው። ሁለታችሁም መጨረሻውን ታውቃላችሁ።

ፓትሪክ ሊ ፈርመርም እንዲሁ ነው። በዲሴምበር 1933፣ በ18 ዓመቱ፣ ከሆላንድ ጠረፍ ተነሥቶ በእግሩ ወደ ቁስጥንጥንያ ሄደ። የመጀመሪያውን ቅጽ ያወጣው በ1977 ነው። ስልሳውን አልፏል! ሁለተኛውን በ1986። ሦስተኛውን ሳይጨርስ በ2011 ሞተ፣ ቀሪውን ከቆየ ረቂቁ ላይ ሌሎች አሰናድተው በ2013 አወጡለት። የመጀመሪያ ማስታወሻ ደብተሩ ሙኒክ ላይ ከነሻንጣው ተሰርቋል። ስለዚህ የዚያን ክረምት መንገድ የምናነበው ከአንድ ሽማግሌ ትዝታ ላይ ነው። እኔ ይህን መጽሐፍ በ30 ዓመቴ ሳነበው ወጣቱ ያስቀናኝ ነበር። አሁን ስደግመው የሚሰማኝ የሽማግሌው ድምፅ ነው። ወጣቱ ካደረበት ቤት በነጋታው ወጥቶ ይሄዳል። ሽማግሌው ግን ከዚያ ቤት መውጣት አይፈልግም፤ የመጻሕፍቱን፣ የምድጃውን፣ የሰዎቹን ነገር እየደጋገመ ይዘረዝራል። ምክንያቱም ከጦርነቱ በኋላ የእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ እንደነበሩ አልቀሩም። ይህን ሲጽፍ ያውቃል። በመጀመሪያው ንባቤ ዝርዝሩ በዝቶብኝ አልፌዋለሁ። አሁን የምፈልገው እሱን ነው።

መንገደኛ

ጋሼ፣ ይህን ሳነብ ክው አልኩ። የማርች 1912ቱን ነገር አውቀው ነበር፣ መጽሐፉ ውስጥ አለ። ግን እንቁላል ፍለጋ ከሄዱበት ምዕራፍ ጋር አያይዤው አላውቅም። ያ ምዕራፍ ለካ ስለ ብርድ ብቻ አይደለም። ዛሬ ማታ እመለስበታለሁ።

የማታ መብራት

ሁላችሁም ስለ ደራሲው ነው የምታወሩት። እኔ ደግሞ ስደግም የሚታዩኝ ሌሎቹ ናቸው።

የቆዩ የጉዞ መጻሕፍት አንድ የሚያሳምም ነገር አላቸው። «ከዚያ ወንዙን ተሻገርኩ» ይላል ጸሐፊው። ማን አሻገረህ? ጓዙን ማን ተሸከመ? መንገዱን ማን አሳየህ? ብዙ ጊዜ መልስ የለም፣ ወይም «ሰዎቼ» ተብሎ ይታለፋል። ወጣት ሆኜ ይህን አላየሁም። ከጀግናው ጋር እጓዝ ነበር። አሁን አንዳንዶቹን መቀጠል ስለሚከብደኝ ከግማሽ ዘግቻቸዋለሁ።

አንዱ ግን በተቃራኒው ከፍ አለብኝ። አልፍሬድ ራስል ዋላስ ከ1854 እስከ 1862 በማላይ ደሴቶች ስምንት ዓመት ቆይቶ በ1869 ያሳተመው መጽሐፍ። ከ125 ሺህ በላይ የነፍሳት፣ የአእዋፍና የሌሎች እንስሳት ናሙና ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። መጀመሪያ ሳነብ ዋላስን ብቻ ነው ያየሁት። በሁለተኛው አሊ የሚባል ወጣት ታየኝ። ዋላስ ሳራዋክ ላይ ነው የቀጠረው። ሲያድን፣ የወፍ ቆዳ ሲያዘጋጅ፣ ሲያበስል፣ ዋላስ ሲታመም ሲያስታምም ዓመታት ኖሯል። በ1858 ባቻን ደሴት ላይ አሊ ወፎች ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል። እዩት፣ እንዴት ያለ እንግዳ ወፍ ነው፣ ይለዋል። አረንጓዴ የሚያብለጨልጭ ደረት፣ ከትከሻው የወጡ ረጃጅም ነጫጭ ላባዎች። ሳይንስ የማያውቀው የገነት ወፍ ነበር። ዛሬ በዋላስ ስም ይጠራል።

ይህን ዋላስ ራሱ ነው የጻፈው። አሊ እንዳመጣው አልደበቀም። እኔ ነኝ በመጀመሪያው ያላየሁት። ከዚያ ወዲህ መጽሐፉን እንደ አሊ ጉዞ ነው የማነበው። ስሙ በተጠራበት ገጽ ሁሉ ኅዳጉ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች።

ካርታ ወዳጅ

ነጥቧን ወደድኳት። እኔም ልሞክራት ነው።

ሰማያዊ ቀለም

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ መድገም አልመክርም። ቢያንስ የምትወዱትን መጽሐፍ።

19 ዓመቴ ላይ ያነበብኩት አንድ የበረሃ ጉዞ መጽሐፍ ነበር። ስሙን አልጠራም፣ ሌላ ሰው ይወደው ይሆናል። ሥራ ስመርጥ፣ ጓደኛ ስመርጥ፣ ብቻዬን መሆንን ስማር ያ መጽሐፍ አብሮኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ደገምኩት። ሰውየው በየገጹ ይመጻደቃል። ያገኘውን ሰው ሁሉ ይመዝናል፣ ሁሉም ያንስበታል። ዝምታ የመሰለኝ ነገር ንቀት ሆኖ አገኘሁት። ሦስት ቀን ከፋኝ። ያ መጽሐፍ የሰጠኝ ነገር እውነት ነበር፣ አሁን ግን ምንጩን ሳስብ ይጎመዝዘኛል። ባልደገምኩት ኖሮ አሁንም ይኖረኝ ነበር።

የማታ መብራት

ሰማያዊ፣ ስሜትህ ይገባኛል፣ ደርሶብኛል። ግን ያ መጽሐፍ የሰጠህን ብቸኝነትን መውደድ፣ ሰውየው ነው የሰጠህ ወይስ በረሃው? እኔ የዘጋኋቸውን መጻሕፍት ሳስብ፣ የቀረኝ መልክዓ ምድሩ ነው። እሱን ደራሲው አልሠራውም። እሱ ያየውን ነው የጻፈው።

ሰማያዊ ቀለም

በረሃው ነው መሰለኝ። አዎ። በዚህ በኩል አላሰብኩትም ነበር። መጽሐፉን ለሰው ልሰጥ ካርቶን ውስጥ ከትቼው ነበር፣ ላውጣው።

አስተርጓሚዋ

ዘገምተኛ አንባቢ ባሉት ላይ ልጨምር። የጃፓናዊውን ገጣሚ የባሾን የሰሜን ጉዞ ሁልጊዜ እደግመዋለሁ። አጭር ነው፣ በአንድ ማታ ያልቃል። ባሾ በ1689 ከኤዶ (ከዛሬዋ ቶኪዮ) ተነሥቶ ሶራ ከሚባል ተማሪው ጋር በአብዛኛው በእግር ሄደ። ወደ 2,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከተመለሰ በኋላ ለዓመታት ጽሑፉን ሲያርመው ኖሮ በ1694 ሞተ። መጽሐፉ የታተመው በ1702 ነው።

ሶራም በመንገዱ ላይ የቀን ማስታወሻ ይይዝ ነበር። ያ ማስታወሻ ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው በ1943 ነው። ሲነጻጸሩ አይገጥሙም። ቀኑ የሚለያይበት ቦታ አለ፣ የአየሩ ሁኔታ የሚለያይበት ቦታ አለ። ባሾ አንዳንዱን አዛውሮታል፣ አንዳንዱን ጨምሯል።

ይህን ከማወቄ በፊት መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ካወቅኩ በኋላ ሳነበው መጀመሪያ ተናደድኩ፣ የተታለልኩ መሰለኝ። ከዚያ ግን ሶራን ከጎን አስቀምጬ ገጽ በገጽ አብሬ አነበብኩ። ሶራ «ዝናብ» ብሎ ያልፋል። ባሾ ያንን ዝናብ አምስት ዓመት ይዞት ኖሯል። ሁለቱም የጉዞ መጽሐፍ ናቸው፣ ግን የምደግመው የባሾን ነው። የሶራን አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ደግሞ ባሾ ራሱ ምን ፍለጋ እንደሄደ ታውቃላችሁ? ከእሱ 500 ዓመት በፊት የኖረው ተጓዥ ገጣሚ ሳይግዮ የገጠመላቸውን ቦታዎች ለማየት ነው። የሚወደውን የቆየ የመንገድ ግጥም በእግሩ እየደገመ ነበር ማለት ነው። ገጣሚዎቹ የዘመሩለት ዛፍ፣ ድንጋይ፣ ወንዝ ጋ ደርሶ አንዳንዱን ያገኘዋል፣ አንዳንዱ ጠፍቷል።

ዛጎል ለቃሚ

አስተርጓሚዋ፣ አሁን ያልሽውን ዳርዊንም አድርጎታል!

ቢግል በምትባለው መርከብ ከ1831 መጨረሻ እስከ 1836 ሲዞር ከያዛቸው መጻሕፍት አንዱ የአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የአሜሪካ ጉዞ መጽሐፍ ነበር። መምህሩ ሄንስሎ ለስንብት የሰጠው ነው። ከዚያም በፊት እየደጋገመ አንብቦታል። በተለይ ስለ ቴነሪፍ ደሴት የተጻፈውን ቁራጭ በእጁ ገልብጦ ለጓደኞቹ ያነብላቸው ነበር። ቴነሪፍን ማየት የመጀመሪያው ሕልሙ ነው። በጃንዋሪ 1832 መርከቧ ደሴቲቱ ጋ ደረሰች። ነገር ግን ኮሌራ ይዛችሁ መጥታችሁ ይሆናል ተብሎ 12 ቀን ሳትቆዩ አትወርዱም ተባሉ። ካፒቴኑ መጠበቅ አልፈለገም፣ ሸራውን አስነሥቶ ሄደ። ዳርዊን ተራራውን ከመርከብ ላይ አይቶ ቀረ። ያን ያህል ደጋግሞ ያነበበውን ቦታ!

በ1845 ለጓደኛው ለሁከር በጻፈው ደብዳቤ የሕይወቱ አቅጣጫ በሙሉ ሁምቦልትን በወጣትነቱ አንብቦ፣ ደጋግሞም በማንበቡ የመጣ እንደሆነ ነግሮታል። አንብቦ ብቻ አላለም።

በዚያው በ1845 የራሱን የጉዞ መጽሐፍ ሁለተኛ እትም አወጣ። መጀመሪያ የታተመው በ1839 ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ የጋላፓጎስን ምዕራፍ አንብቡ። ስለ ትናንሾቹ ወፎች ምንቃር በመጀመሪያው ላይ ያለው ነገር ቁጥብ ነው። በሁለተኛው አንዲት ዐረፍተ ነገር ገብታለች፤ ከአንድ የወፍ ዓይነት ተነሥቶ ለተለያየ ጥቅም የተለወጠ ይመስላል፣ የሚል ሐሳብ ያላት። የዝርያዎችን አመጣጥ የሚናገረው ታላቅ መጽሐፉ ገና 14 ዓመት ይቀረዋል። ደሴቶቹ ጋ ተመልሶ አልሄደም። ተመልሶ የሄደው ወደ ጽሑፉ ነው፤ ከጉዞው እንደተመለሰ የወፍ ሊቁ ጆን ጉልድ ናሙናዎቹን መርምሮ ያገኘውን ነግሮታል። አምስት ሳምንት ብቻ ያያቸውን ደሴቶች እቤቱ ሆኖ እንደገና አያቸው።

እኔ ሁለተኛውን እትም ነበር የማውቀው። የ1839ኙን ስካን አግኝቼ ሳነብ ያቺ ዐረፍተ ነገር የምትገባበት ቦታ ላይ ደርሼ የለችም። ባዶውን ቦታ ማየት እንዴት እንደሚያስደስት ልነግራችሁ አልችልም።

ካርታ ወዳጅ

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ። ስትደግሙ የድሮውን ቅጂ ነው ወይስ አዲስ እትም ትገዛላችሁ? ስልክ ላይ የምታነቡስ አላችሁ?

የማታ መብራት

የድሮውን። ነጥቦቼ እዚያ ናቸው።

አስተርጓሚዋ

ትርጉም ከሆነ ሌላ ትርጉም ፈልጉ። ባሾን በአራት ተርጓሚ አንብቤዋለሁ፣ አራት መንገድ ነው። በራስ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ግን እንደ የማታ መብራት የድሮውን እላለሁ።

መንገደኛ

የድሮውን፣ ግን በአንድ ምክንያት ትንሽ ያሳፍራል። ያኔ በእርሳስ ያሰመርኩባቸውን ሳይ ሁሉም ቁጥር ናቸው። ስንት ዲግሪ፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ቀን። አንድም ሰው ላይ አላሰመርኩም። አልፈርድበትም፣ የዚያ ዕድሜ ልጅ የሚፈልገው ያንን ነበር። ዘንድሮ በሌላ ቀለም ነው ያሰመርኩት። ሁለቱ ቀለሞች በአንድ ገጽ ላይ እምብዛም አይገናኙም።

ዘገምተኛ አንባቢ

መንገደኛ፣ ወደ ምዕራፉ ትመለሳለህ ብለህ ነበር። ድንኳኑ በማዕበል ተነቅሎ የበረረበትን ቦታ አልፈኸዋል? ካለፍክ፣ ከተገኘ በኋላ ያለውን ሌሊት ቀስ ብለህ እየው። ባወርስ ሊተኛ ሲል የሚያደርጋትን ነገር።

መንገደኛ

ጋሼ፣ አሁን አየኋት።

ለሌሎቻችሁ፦ በማዕበሉ ድንኳኑን ነፋስ ወሰደው። ያለ ድንኳን መመለስ አይቻልም፣ ሞት ማለት ነው። ማዕበሉ ጋብ ሲል በጨለማ ወጥተው ፈለጉት፣ ባወርስ ቁልቁለቱ ሥር አገኘው። መልሰው ተከሉት። ሌሊት ሲተኙ ባወርስ ከድንኳኑ ገመድ ስቦ መኝታ ከረጢቱ ውስጥ ሆኖ ከራሱ ጋር አሰረው። ድንኳኑ ከሄደ እኔም አብሬው እሄዳለሁ ብሎ።

ሁለት ጊዜ አንብቤ ሁለቴም አልፌዋለሁ። በየትኛውም ቀለም አልተሰመረም። ከኋላው ያለው ገጽ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተሰመረ የብርድ ቁጥር አለ። ገመዷ ያለችበት ገጽ ላይ ክር አስገብቻለሁ።